የመጀመሪያ ኤርብረሽና ኮምፕሬሰር፦ ገንዘባችሁን የት ላይ ብታውሉት ይሻላል?

ኤርብረሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጭ ትንሽ የእጅ መሣሪያ) በጀመርኩባቸው ሁለት ወራት አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ቀለሙ ይተፋል፣ ይንጠባጠባል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። ጥፋቱ የእጄ ነው? የቀለሙ ነው? ወይስ የዕቃው? ማወቅ አልቻልኩም። የያዝኩት በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ርካሽ ስብስብ ነበር። ኤርብረሹ፣ አየሩን አምቆ የሚልክለት በእጅ የሚያዝ ትንሽ ኮምፕሬሰር፣ ሦስት ዓይነት መርፌ፣ ሁሉም አብሮ ነው የመጣው። አንድ ቀን ወዳጄ ቤት ሄጄ የእሱን ሞከርኩ። ያው ቀለም፣ ያው እጅ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወደ ቤቴ ስመለስ ተናድጄም ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ጀማሪ ከምንም በላይ የሚፈልገው የማይዋዥቅ ዕቃ ነው። ዕቃው ትናንትም ዛሬም አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የተበላሸው መስመር የእጃችሁ ስሕተት መሆኑን ታውቃላችሁ። አርማችሁት ትቀጥላላችሁ። ዕቃው ራሱ ጠዋትና ማታ ጸባዩ የሚቀያየር ከሆነ ግን ሁለት ወር ሠርታችሁም ምን እንደተማራችሁ አታውቁትም። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ነው።

ምን ልትቀቡ ነው?

ይህን ሳትመልሱ ሱቅ አትግቡ። የሞተር ሄልሜት ወይም የመኪናና የአውሮፕላን ሞዴል የሚቀባ ሰው፣ ቲሸርት ላይ የሚሥል ሰው፣ ኬክ የሚያስጌጥ ሰው፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም። የመጀመሪያው ቀጭን መስመር ይፈልጋል። ሁለተኛው ወፍራም ቀለም በብዛት ይረጫል። ሦስተኛው ሰፊ ቦታ በስሱ ያለብሳል።

ስለ ኬክ አንድ ነገር አሁኑኑ ልናገር፣ ቀልድ የማያውቅ ጉዳይ ነውና። ኬክ ላይ የሚረጭ ኤርብረሽ ሌላ ቀለም ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት። «በደንብ አጥቤዋለሁ» አይሠራም። በመርፌውና በኖዝሉ (ቀለሙ በሚወጣበት ጫፍ) መሃል የቀረች ጠብታ ለዓይን አትታይም። ለምግብ የሚሆነው ለብቻው ይገዛ፣ ለብቻው ይቀመጥ። ኮምፕሬሰሩም ዘይት የማይጠቀም ይሁን።

ኤርብረሹ

ከውጭ ሲታይ ሁሉም እስክሪብቶ የሚያህል ብረት ነው። አየር በጫፉ በኩል በፍጥነት ሲወጣ ቀለሙን ስቦ እንደ ጉም ይበትነዋል። መሃል ለመሃል የምታልፈው ረጅም መርፌ ወደ ኋላ በተሳበች ቁጥር የሚወጣው ቀለም ይጨምራል። ልዩነቱ ያለው መርፌዋን ማን ያንቀሳቅሳታል፣ ቀለሙስ ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው።

ሲንግል አክሽን በሚባለው ላይ ቃታውን ስትጫኑ አየርና ቀለም አብረው ይወጣሉ። የቀለሙን መጠን የምትወስኑት አስቀድማችሁ ነው። ለመያዝ ቀላል ነው፣ ለማጠብም አያስቸግርም። የአሜሪካው ፓሽ ኤች የዚህ ዓይነት የቆየ ምሳሌ ነው፤ አየርና ቀለሙ የሚገናኙት ከጫፉ ውጭ ስለሆነ ብዙ አይደፈንም። አንድ ቀለም ሙሉ በሙሉ ለማልበስ ጥሩ ነው። መስመሩን እየሳባችሁ ላሳሳው፣ ላወፍረው ስትሉ ግን አይታዘዛችሁም።

ደብል አክሽን ላይ ቃታውን ወደ ታች ስትጫኑ አየር ይወጣል፣ ወደ ኋላ ስትስቡ ቀለም ይከተላል። ሁለቱን በአንድ ጣት ማስማማት መጀመሪያ ያደናግራል። ብዙ ሰው «ለጀማሪ ሲንግል ይሻላል» ይላል፤ እኔ አልስማማም። ጣት በአንድ ሳምንት ይለምዳል። በሲንግል የጀመረ ሰው ግን ቆይቶ ወደ ደብል ሲሸጋገር የለመደውን ትቶ እንደገና መማር ይኖርበታል። ደብል አክሽን ግዙ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮም አንድ ልማድ ያዙ። ስትጀምሩ አየር ይቅደም፣ ቀለም ይከተል። ስትጨርሱ ቀለሙ ይዘጋ፣ አየሩ በመጨረሻ ይቁም። ከሚተፋው ቀለም ብዙው የሚመጣው ይህን ቅደም ተከተል ከማዛባት ነው።

እንደ ሽጉጥ ተይዘው በአንድ ጣት የሚሳቡም አሉ። ጣት አያደክሙም። ቀኑን ሙሉ ኬክ ለሚረጭ ሰው፣ ወይም ጣቱን ለሚያመው ሰው፣ እነዚህን እመክራለሁ።

ቀለሙ የሚቀመጥበትን ደግሞ እንይ። ከላይ ትንሽ ስኒ ያለው ቀለሙ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል፣ ጥቂት ጠብታም ይበቃዋል። ከሥር ጠርሙስ የሚንጠለጠልበት ቀለሙን ወደ ላይ መሳብ ስላለበት ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። ጥቅሙ ጠርሙሱን ነቅሎ ሌላ ቀለም መሰካት መቻሉ ነው። በቀን 20 ቲሸርት የሚሠራ ሰው ጠርሙሱን ይውሰድ። ሌላው ሁሉ ስኒ ያለውን ቢይዝ ይሻላል። ስኒው በጎን የሆነም አለ፤ ለመጀመሪያ ዕቃ አያስፈልግም።

አሁን የኖዝሉ ቀዳዳ። ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው፦ 0.2፣ 0.3፣ 0.5። ጀማሪ ሁሌ የሚሳሳተው እዚህ ነው። 0.2 ቀጭን መስመር ስለሚያወጣ የተሻለ ይመስላል። ግን ቀለሙ ትንሽ ከወፈረ ይደፈናል። በበጋ ወራት ደጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ መርፌዋ ጫፍ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ በ0.2 ይህ እያሰለቸ ያስለቅሳል። 0.3 ወይም 0.35 ውሰዱ። ለቲሸርት 0.5። በ0.3 ፀጉር የሚያህል መስመር ማውጣት ይቻላል፤ የሚወስነው የቀለሙ ቅጥነትና የእጃችሁ ቅርበት ነው።

ብዙ ሰው የማያነሳው ግን እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ነገር አለ፦ ኖዝሉ እንዴት ነው የሚታሰረው? በርካሾቹና በአንዳንድ መካከለኞች ላይ ኖዝሉ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ጥርስ ያላት ብሎን ናት። ለማጠብ በትንሽ ቁልፍ ትፈታላችሁ። ትንሽ አብዝታችሁ ስታጠብቋት ጥርሷ ተቆርጦ ውስጥ ይቀራል። የእኔም የመጀመሪያው የሞተው እንዲህ ነው። የተሻሉት ላይ ኖዝሉ ቦታው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከላይ ክዳኑ ይይዘዋል። ቁልፍ አይፈልግም። የጃፓኑ ኢዋታ ኤክሊፕስ ኤችፒ-ሲኤስ፣ ባለ 0.35፣ እንዲህ ነው። የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ኢቮሉሽንም እንዲሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚፈታና ለሚገጥም ጀማሪ ይህ ልዩነት ከመስመር ቅጥነት ይበልጣል።

ሌሎች ስሞችም ታገኛላችሁ። የአሜሪካው ባጀር ፓትሪዮት 105 ባለ 0.5 ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ወፍራም ቀለም አይፈራም። የጃፓኑ ፕሮኮን ቦይ ፒኤስ-289 ባለ 0.3 ነው፤ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ይወዱታል። ከእነዚህ አንዱን ብትገዙ መለዋወጫ መርፌና ኖዝል ለዓመታት ታገኛላችሁ። ስም የሌለው የቻይና ቅጂ ዋጋው የእነዚህ ሩብ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። አንዱ ደህና ይወጣል፣ ከጎኑ የነበረው ያፈሳል። ውስጡ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች ቲነር ሲነካቸው ያብጣሉ። ገንዘቡ ከሌለ ግን ግዙት፤ ግን በካርቶን ስብስብ ሳይሆን ለብቻው። የተረፈውን ብር ኮምፕሬሰሩ ላይ ጨምሩበት። ኤርብረሽ ቆይቶ ይቀየራል፤ ጥሩ ኮምፕሬሰር ግን ከሁለትና ከሦስት ኤርብረሽ በላይ ያገለግላል።

ኮምፕሬሰሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የምትፈልጉት ግፊት ብዙ አይደለም። ለቀጭን ሥራ ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ለማልበስ ከ20 እስከ 30 ይበቃል። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ ሥራችሁ በአንድና በሁለት ባር መሃል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ «ይሄ 8 ባር ነው» ቢላችሁ አትደነቁ። የምትጠይቁት፦ የሚወጣው አየር ጸጥ ያለ ነው ወይ? ሳይቋረጥ ስንት ደቂቃ ይሠራል? ጌጅ (ግፊቱን የሚያሳይ) እና ሬጉሌተር (ግፊቱን የሚያስተካክል) አለው ወይ?

ከኤርብረሹ ሥር የሚገጠም፣ በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ኮምፕሬሰር መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ጥሩ ጎኑ ይህ ነው። ግን አብዛኞቹ ግፊታቸውን በትክክል አያስተካክሉም፣ ባትሪው ሲደክም አየሩም አብሮ ይደክማል። እጅ ላይም ይከብዳል። ለጥፍር ሥራ፣ ለትንሽ ኬክ ይሆናል። ለመማር አልመክረውም፤ የእኔን ሁለት ወር የበላው እሱ ነው።

ቀጥሎ ታንክ የሌለው ትንሹ የጠረጴዛ ኮምፕሬሰር አለ። አየሩን እንደ ልብ ምት እየገፋ ነው የሚልከው። ቱቦው ረጅም ከሆነ ይህ ምት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ቀጭን መስመር ስትስቡ ምቱ ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሞተሩም እናንተ እስካላጠፋችሁት ድረስ ስለማያርፍ ቶሎ ይሞቃል።

የምመክረው ባለ ፒስተን፣ ባለ 3 ሊትር ታንክ የሆነውን ነው። ገበያ ላይ ኤኤስ-186 በሚል ቁጥር ይታወቃል፤ በተለያየ ስም ይለጠፍበታል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ዘይት አይጠጣም። ታንኩ 4 ባር ገደማ ሲደርስ ራሱ ይቆማል፣ ወደ 3 ሲወርድ ራሱ ይነሳል። በዚያ መሃል ሞተሩ ያርፋል። ታንኩ ምቱን ስለሚውጠው የሚወጣው አየር አንድ ዓይነት ነው። ድምፁ ከፍሪጅ ከፍ ይላል እንጂ ጎረቤት አይረብሽም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ታንክ የሚሸጠው ወንድሙ ኤኤስ-18 ይባላል። የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ታንኩን አትተዉት።

የጎሚስታ ቤቱ ዓይነት ባለ 24 ሊትር ኮምፕሬሰርስ? አየሩ ይተርፋችኋል። ስፕሬይ ጠመንጃም፣ የጎማ መንፊያም ያንቀሳቅሳል። ግቢ ያለው ሰው፣ በተለይ ሄልሜትና የሞተር ታንክ መቀባትን ሥራው ሊያደርገው ያሰበ፣ ይህን ቢመርጥ አይሳሳትም። ግን ሲነሳ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ዘይት የሚጠቀም ከሆነ ዘይቱ ከአየሩ ጋር ሊመጣ ስለሚችል ማጣሪያ ግድ ነው። የራሱ ሬጉሌተርም በዝቅተኛ ግፊት ላይ በደንብ አይቆጠርም፤ ከ0 እስከ 4 ባር የሚያሳይ ሌላ ትንሽ ሬጉሌተር ጨምሩበት።

መብራት ሲጠፋ ታንኩ ያድነናል የሚሉ አሉ። እናስላው። ባለ 3 ሊትሩ ከ4 ባር ወደ 1.5 እስኪወርድ 2.5 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 7.5 ሊትር አየር ይሰጣል። ኤርብረሽ በደቂቃ 12 ሊትር ያህል ቢወስድ፣ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የጀመራችሁትን መስመር ጨርሳችሁ ኤርብረሹን ታጥቡበታላችሁ፤ እሱም ቢሆን ትንሽ አይደለም። ባለ 24 ሊትሩ ከ8 ወደ 1.5 ሲወርድ 156 ሊትር ይሰጣል፣ ከ10 ደቂቃ በላይ። መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ሰፈር ላለ ሰው ይህ ልዩነት ውሳኔ ሊያስቀይር ይችላል።

ከአሮጌ ፍሪጅ ሞተር የሚሠሩም አሉ። በጣም ጸጥ ይላሉ፣ እጀ ብልህ ሰው በርካሽ ያወጣዋል። ዘይት መትፋታቸውን በማጣሪያ መከላከል ይቻላል። የሚያስፈራኝ ታንኩ ነው። ያገለገለ የቡታጋዝ ሲሊንደር በስታችሁ፣ በየዳችሁ ታንክ አታድርጉ። ውስጡ የቀረ ጋዝ በብየዳ ጊዜ ይፈነዳል፣ ያልተሞከረ ብየዳም በግፊት ይለቃል። ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው

ብዙዎቻችን ዕቃ የምናገኘው ዘመድ ሲመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ብር የሚቃጠለው። ኤርብረሹ ራሱ ኤሌክትሪክ አይነካውም። ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል፣ ኪስ ውስጥም ይገባል። ኮምፕሬሰር ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው በ120 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ (የመብራቱ ድግግሞሽ) የሚሠራ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፣ ኸርዙን ግን አይለውጠውም፤ ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃል። ስለዚህ አሜሪካ ላለች እህታችሁ ኤርብረሹን ብቻ ላኪልኝ በሏት። ኮምፕሬሰሩ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ቢመጣ ይስማማል፤ ቢበዛ የሚቀየረው ሶኬቱ ብቻ ነው። ከሳውዲ ከሆነ 60 ኸርዝ ስለሆነ ስያሜው ላይ 50/60 የሚል መኖሩን አስነብቡ። በቻርጀር የሚሞላው ትንሹ ግን 100–240 ከተጻፈበት የትም ይሠራል።

ካርቶኑ ላይ የማይጻፍ ሌላ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ኮምፕሬሰር በአንድ ዙር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ታንኩን ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ «ለትንሽ ሥራ ይበቃል» የሚባለው ደካማ ኮምፕሬሰር ደሴም ጎንደርም አዲስ አበባም የበለጠ ይደክማል። ይህም ወደ ባለ ታንኩ የሚገፋ ሌላ ምክንያት ነው።

የሚረሱ ወጪዎች

ገንዘባችሁን ሁሉ በሁለቱ ላይ አትጨርሱ። ቱቦው ከሁለቱም ጋር መግጠም አለበት። አብዛኛው ኤርብረሽ 1/8 ኢንች ጥርስ አለው፤ ባጀርና ፓሽ ግን የራሳቸው ስለሆነ ማገናኛ ይፈልጋሉ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ቴፍሎን ይበቃል። ውሃ ማጥመጃ ግድ ነው፤ በክረምት የታመቀው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ሥዕላችሁ ላይ ይተፋል። ታንኩንም ከሥራ በኋላ ከሥሩ ክፈቱና ውሃውን አፍስሱ።

ማስክ ደግሞ ከሁሉ ይቅደም። በውሃ የሚቀጥን ቀለምም ቢሆን ሳንባ ውስጥ እንዲገባ አልተሠራም። ቲነር ያለበት ቀለም ከሆነ የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል፣ መስኮትም ይከፈት። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ቲነር አይረጭ። እናቴ ቡና ስታቀርብ ሥራዬን አቆማለሁ፤ ረከቦቱ ከተነሳ፣ ፍሙም ከጠፋ በኋላ እቀጥላለሁ።

እንግዲህ እኔ ብሆን

ለሄልሜት፣ ለሞዴልና ለሥዕል፦ ደብል አክሽን፣ ስኒው ከላይ፣ 0.3 ወይም 0.35፣ ከተቻለ ኖዝሉ ያለ ብሎን የሚቀመጥ፤ ከባለ 3 ሊትሩ ጋር። ለቲሸርት ሥራ፦ 0.5፣ ባለ ጠርሙስ፣ ግቢ ካለ ባለ 24 ሊትር። ለኬክ፦ ለምግብ ብቻ የተለየ፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ ቢሆን ይመረጣል፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት፤ ትእዛዛችሁ ጥቂት ከሆነ የባትሪውም ይሆናል። ብር ካነሰ ደግሞ ከኤርብረሹ ቀንሱ እንጂ ከኮምፕሬሰሩ አትቀንሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሁለት ነገር ፈትሹ። መርፌዋን ከኋላ ስባችሁ አውጡና ጫፏን በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ። ጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ስትጎትቷት ከጫረች ጫፏ ተጣሟል፤ ሌላ ይውጣላችሁ። ከዚያ ኮምፕሬሰሩን አስነሱት። ራሱ እስኪቆም ጠብቁ፣ ቱቦውን ዝጉ፣ ጌጁ ስንት ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱ። አሥር ደቂቃ ቆዩ፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም ቆዩ። ቁጥሩ ከፎቶው በግልጽ ከወረደ አየር የሚያፈስበት ቦታ አለ። የት እንደሆነ በሳሙና አረፋ ፈልጎ ካላጠበቀላችሁ ያን ኮምፕሬሰር ትታችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።